የሻንጣው ታሪክ ሰለቸን

አሁንስ በዛ! ስለ ስደትና ማንነት መድረክ ላይ «የራስህን ታሪክ ተርክ» በተባለ ቁጥር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣ፣ የእናት እንባ። ተራኪው ላይ አልፈርድም፤ ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው። 5 ደቂቃ ይሰጡና አገሩንም፣ ጉዞውንም፣ ናፍቆቱንም፣ ከዚያ ደግሞ «አሁን ቤቴ እዚህ ነው» የሚል መዝጊያም ይጠብቃሉ። 5 ደቂቃ እኮ በእንግሊዝኛ ረጋ ብሎ ለሚናገር 650 ቃል ገደማ ናት! በአማርኛማ ከዚያም ያንሳል፤ «አልነገርኳቸውም» ብቻዋን ስንቱን ተሸክማለች። 2 ደቂቃው በመግቢያ ያልቃል፣ የቀረው ሩጫ ነው።

አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ውሳኔ ይበቃል። ስምን እንውሰድ። ስሙን ሲያበላሹበት ሁለቴ አርሞ ሦስተኛው ላይ «ይሁን፣ እንደተመቸህ ጥራኝ» ያለ ሰው ያቺን ቅጽበት ብቻ ይዞ 5 ደቂቃውን ይሞላል። ማን ጠራው? እጁ ላይ ምን ነበር? ቤቱ ሲገባ የትኛውን ስም ይዞ ገባ? መግቢያውን ቆርጦ መጣል ነው፤ ማንም አይናፍቀውም።

ደግሞ ያ የማብራራት አባዜ! አንድ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቃል በወጣ ቁጥር ታሪኩ ቆሞ መዝገበ ቃላት ይገለጣል። አድማጩ እኮ ከአውዱ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያበግነው ግን ካሜራው ነው። ሰው ገመናውን አውርቶ ሲጨርስ «ቀርጸነዋል፣ እንለጥፈዋለን»። ፈቃድ የሚጠየቀው ከመድረኩ በፊት ነው፤ በጽሑፍ፣ የት እንደሚወጣና ባለታሪኩ ሐሳቡን ከቀየረ ቪዲዮው ከተለጠፈበት እንዴት እንደሚነሳ ተጠቅሶ። አገር ቤት የቀረ ዘመድ ስም ያለበት ቪዲዮ አንዴ ከተበተነ ማን ይሰበስበዋል?