ሊኑክስ ለጀማሪ የምትጭኑ ሰዎች፣ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ

የጓደኛዬ እናት ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነበር የሚሠራው። ማይክሮሶፍት ለዚያ ሲስተም የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የእሳቸው ማሽን የለውም። ላፕቶፑ ግን ጤነኛ ነው። «ሊኑክስ ልጫንልዎት» አልኩና ሄድኩ፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሲስተም ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ፣ እኔ ጣቶቼን አስጨፍራለሁ። ስጨርስ አሳየኋቸው፤ «ያምራል» አሉ፣ መረቁኝ፣ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ስከድነው ይሞታል።»

እንዴት ይሞታል? ክዳኑን ሲዘጉት ይተኛል፣ ሲከፍቱት አይነሳም። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይሄ ሳያንስ በቪዲዮ ሲያወሩ የልጆቻቸው ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ልጆቹ ግን የእሳቸውን አይሰሙም። እኔ እኮ ድምፁን ፈትሻለሁ። ዘፈን ከፍቼ ስፒከሩ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ማይክሮፎኑን ግን አልነካሁትም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት ይሄንን ነው።

ሁለቱንም ችግር ከመጫኔ በፊት በአሥር ደቂቃ ላገኛቸው እችል ነበር። ያላገኘኋቸው ኮምፒውተሩን በራሴ ልማድ ስለፈተሽኩት ነው። እኔ ላፕቶፕ አልከድንም፤ አጠፋዋለሁ። ማውራት ስፈልግ የጆሮ ማዳመጫ እሰካለሁ። ለእሳቸው ግን ኮምፒውተር ማለት ከድነው የሚተዉት፣ ሲከፍቱት ልጆቻቸውን የሚያዩበት ዕቃ ነው።

እኛ ሊኑክስ የምንወድ ሰዎች ጀማሪ ስንረዳ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጫኑን ትልቅ ነገር እናደርገዋለን። የዛሬ ጫኚ ፕሮግራም እኮ ጥቂት ጥያቄ ጠይቆ ቀሪውን ራሱ ይጨርሳል። ከባዱ መፈተሹ ነው። እሱን ደግሞ በደንብ የሚሠራው ማሽኑን ነገ የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ ጀማሪው ራሱ።

ስህተቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አንድ ሰው «ሊኑክስ ልሞክር ነው» ሲል ሁላችንም «የቱን?» ብለን እንጮሃለን። አንዱ ዴቢያን ይላል፣ አንዱ ፌዶራ፣ አንዱ አርች። ሰውየው ገና ዲስትሮ የሚባለው ከብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ እንደሆነ አልገባውም። መጠየቅ የነበረበት «ኮምፒውተሩን ለምን ትጠቀምበታለህ?» ነው። መልሱ ፎቶሾፕ ከሆነ አዶቤ ለሊኑክስ እንደማይሠራው ንገሩት። ቫሎራንት የሚጫወት ልጅ ከሆነ የጨዋታው ፀረ ማጭበርበሪያ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ እሱንም ንገሩት። የቢሮ ሰነድ ከሆነ ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥና ሥዕል የበዛበት ገጽ ግን ቦታው ሊዛባበት ይችላል። አንዳንዴ ትክክለኛው እርዳታ «ይቅርብህ» ማለት ነው። ይሄን ለማለት የሚደፍር የሊኑክስ ወዳጅ ግን ብዙም አላየሁም፤ እኔም ዘግይቼ ነው የደፈርኩት።

ዲስትሮውን በተመለከተ ብዙ አልጨቃጨቅም። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ አፕሪል ላይ ረጅም ድጋፍ ያለው ስሪት ያወጣል፤ ለ5 ዓመት ያዘምነዋል። ሚንት ዋናው ስሪቱ የሚሠራው በዚያ ላይ ነው፤ መልኩም ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ቅርብ ነው። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ምርጫችሁን የሚወስነው አንድ ነገር ይሁን፦ በስልክ ስትጠየቁ «ከታች በግራ በኩል ያለውን ተጫን» ማለት የምትችሉት የትኛው ላይ ነው? አርች ግሩም ነው። ለመጀመሪያ ቀን ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ፍላሽ የሚጻፈውን የሲስተሙን ፋይል እናውርድ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይዘላል፤ እኔ ግን ቆም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ ነበር። ሰርጎ ገቦቹ የማውረጃውን ሊንክ ቀይረው ሰዉን ወደ ሌላ ሰርቨር ላኩት። እዚያ ያስቀመጡት የ17.3 ሲናሞን ስሪት የኋላ በር፣ ማለትም እነሱን በስውር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የተገጠመለት ነበር። ያወረደው ሰው ሚንት የጫነ ይመስለዋል፤ መልኩም ሚንት ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው ፍተሻ ብቻ ነው።

ፍተሻው ከስሙ ይቀላል። ኤስኤችኤ-256 የሚባል ስሌት አለ፤ የፋይሉን ይዘት በሙሉ አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር የሚወጣው መስመር ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ዲስትሮው ትክክለኛውን መስመር ያትማል፤ እናንተ ያወረዳችሁትን አስልታችሁ ታመሳክራላችሁ። ዊንዶውስም ላይ አብሮት በሚመጣ ትዕዛዝ ይሰላል። ግን አስተውሉ፦ ድረ ገጹን የያዘ ሌባ መስመሩንም ሊቀይረው ይችላል። ለዚህ ነው ዲጂታል ፊርማ ያለው። ፊርማው የአዘጋጆቹን ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ አይቀመጥም። ጀማሪው ይሄን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እንዲያውቀው አልጠብቅም። መስመሩን ግን አብሯችሁ ያመሳክር፤ መጀመሪያና መጨረሻውን ጮክ ብሎ ያንብብ። ከኢንተርኔት የወረደ ነገር እንደሚፈተሽ አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ደግሞም ከሰርጎ ገብ ይልቅ የሚያስቸግረው ተቆርጦ የወረደ ፋይልና ያረጀ ፍላሽ ነው። መጫኑ መሃል ላይ ሲቆም ሰዉ ሊኑክስን ይረግማል፤ ጥፋተኛው ፍላሹ ሆኖ እያለ።

ከሊኑክስ ነገሮች ሁሉ ለጀማሪ የምወደው ግን የሚቀጥለውን ነው። ሲስተሙ ሳይጫን ከፍላሽ ይነሳል። ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጽፍ ሙሉ ዴስክቶፑን ያሳያል። እኛ ይሄን መስኮት ከፍተን ወዲያው «ጫን» የሚለውን እንጠቁማለን። ቤት ሊከራይ የሄደ ሰው በር ላይ ቆሞ ውል እንደመፈረም ነው። ቧንቧውን አይከፍትም? መብራቱን አያበራም?

አንድ ሰዓት ስጡት። ወንበሩን ለእሱ ልቀቁና እናንተ ከጎን ተቀመጡ። የሚያደርገውን ሁሉ ያድርግ። ዋይፋዩ ይገናኝ። ድምፁን ቀድቶ መልሶ ያዳምጥ፤ ማይክሮፎን የሚፈተሸው በዚህ እንጂ በዘፈን አይደለም። ካሜራው ይታይ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ካለው ያገናኝ። የስክሪን ብርሃን መቀነሻውን ይጫን። ፕሪንተር ካለው አንድ ገጽ ያትም። ኪቦርዱ በራሱ ቋንቋ ይጻፍለት እንደሆነ ይየው። ከዚያ ይክደነው! ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ይክፈተው። ይሄ አንዱ ብቻ ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ ስልክ ያስቀርላችኋል።

ዋይፋዩ እምቢ ካለ አትደንግጡ። አንዳንድ ቺፖች፣ በተለይ ብሮድኮም፣ ተጨማሪ ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይፈልጋሉ፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መውጫው አንድሮይድ ስልክ ነው። በኬብል ሰክታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት ብታጋሩት ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ጣጣ ይሠራል። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካለ ደግሞ ከፍላሽ ያያችሁት ከተጫነ በኋላ ከምታዩት ሊለይ ይችላል፤ ምክንያቱም የኩባንያውን ድራይቨር የምትጭኑት በኋላ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ሆኖ ለዚህ ኩባንያ የመሃል ጣቱን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ለብቻው ፈትሹት።

ከመጫኑ በፊት ያለው ባክአፕ ነው፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ የፋይሎቹ ቅጂ። «ባክአፕ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ከባክአፑ ላይ አንድ ፎቶ ክፈትና አሳየኝ» በሉት። ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ማቆየት ከፈለገ ደግሞ ቢትሎከር የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ተጠንቀቁ። ባለቤቱ ሳያውቅ በርቶ ሊሆን ይችላል። የማስነሻውን ቅንብር ስትነኩ 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹን ደህና ሁኑ ማለት ነው። ቁልፉን ቀድሞ ወረቀት ላይ ይጻፈው። በነገራችን ላይ ሁለቱ ሲስተሞች አብረው ሲኖሩ ሰዓቱ ሊዛባ ይችላል። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው ብሎ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ አንዱን ማስተካከል ነው።

ሲጭንም ራሱ ይጫን። እኔ አፌን የምከፍተው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ቃል የትኛውን ዲስክ እንደሆነ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። ዲስኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ ከፈለገ ጥሩ ነው፤ ቃሉ ከጠፋ ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ማንም ልናወጣው እንደማንችል አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ ማዘመን፣ ቀጥሎ ድራይቨር፣ ከዚያ ታይምሺፍት። ታይምሺፍት የሲስተሙን ፎቶ እያነሳ ያስቀምጣል፤ ነገር ሲበላሽ ወደ ትናንት ይመልሰዋል። የግል ፋይሎችን ግን ካላዘዙት አያስቀምጥም፤ ብዙ ሰው ይሄን ባክአፕ ይመስለዋል። አንዴ አብራችሁ መልሱት። ሲመለስ በዓይኑ ያየ ሰው ሲስተሙን ለመነካካት አይፈራም። ማሽኑ አሮጌ ከሆነ የዲስክ መሣሪያውን ከፍታችሁ ጤንነቱንም እዩ፤ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ላይ አዲስ ሲስተም መጫን ልፋት ነው።

ተርሚናሉንስ፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት? ጀማሪን ከተርሚናል ጋር አታስተዋውቁ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሁለት ነገር ግን ቀድማችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ የይለፍ ቃል ሲጽፍ አንዳንድ ዲስትሮ ላይ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኮከብም ነጥብም የለም። ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎት የተወ ሰው አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ የሚወጣውን ጽሑፍ ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ታዋቂ ዩቲዩበር ፖፕ ኦኤስ የሚባል ዲስትሮ ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታ መደብር ሊጭን ብሎ ዴስክቶፑን በሙሉ አጠፋው። ሲስተሙ አስጠንቅቆት ነበር፤ «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሙሉውን አስጽፎታል። ጻፈው። ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። እኔ ግን ከእሱ ጎን ነኝ። ጀማሪ የማይገባው ጽሑፍ ሲዘንብበት ማለፍን ነው የሚለምደው፤ የስቲም መጫኛ ጥቅሉም ስህተት የእሱ አልነበረም። የፖፕ ኦኤስ አዘጋጆችም በኋላ እንዲህ በቀላሉ እንዳይታለፍ አድርገው አስተካክለውታል። ያኔ ከጎኑ ተቀምጦ «ቆይ፣ ‹ይወገዳሉ› የሚለውን ዝርዝር አንብብልኝ» የሚለው ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር።

እናታችን ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ዙር እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ከባድ ነበር፤ ማውሱ ቀስ ብሎ ሲንፏቀቅ ማየት ያማል። የድምፅ ቅንብሩን ራሳቸው ከፈቱ። ማስገቢያ የሚለው ሌላ መሣሪያ ላይ ሆኖ አገኙት፤ ቀየሩት፤ ሲናገሩ አረንጓዴው መስመር ዘለለ። «እሱ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። የመክደኑ ጉዳይ የከርነል ነበር፤ ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያዝዘው የሲስተሙ እምብርት። ምልክቱ ጋሻ በሆነው ማዘመኛ ውስጥ አዲሱን ከርነል መርጠው፣ ጭነው፣ አስነሱት። ከደኑት። ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ከፈቱት።

እሳቸው ሁሉንም በደብተር ሲጽፉ ነበር። ስወጣ አየሁት። ከርነል የሚል ቃል የለበትም። አራተኛው ተራ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ስከድነው ይሞት የነበረው፣ ከሰማያዊው ጋሻ ገብቼ አዲሱን ስመርጥ ዳነ።»