ኮምቦልቻ የሌለችበት ክርክር

በኅዳር 2014 ዓ.ም. በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች «በቃ!» እያልን አደባባይ ስንወጣ የምዕራባውያንን ጣልቃ ገብነት ማውገዛችን ትክክል ነበር፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው። ደሴ ላደገ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የስድሳዎቹ ተማሪዎች ኢምፔሪያሊዝምን ሲያወግዙ «መሬት ለአራሹ»ንም አብረው ይሉ ነበር፤ ስለ ባዕዱ ጉልበተኛ የሚናገር አፍ ስለ ባላባቱና ስለ ጭሰኛውም ይናገራል። የእኛ ጩኸት ግን ሀገርን ይዞ መደብን ጥሏል።

የምሠራው ጀርመን፣ በአንድ የልብስ መጋዘን ውስጥ ነው። የሠራተኛ ማኅበራችን ለደመወዝ ሲደራደር ብርቱ ነው፤ ካስፈለገም ሥራ ያስቆማል። ያን ሁሉ ልብስ ማን እንደሰፋው ግን በስብሰባችን ተነሥቶ አያውቅም። ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1916 ከቅኝ ግዛት የሚዛቀው ትርፍ የአውሮፓን ሠራተኛ የላይኛ ክፍል ከባለሀብቱ ጋር ያስማማዋል ብሎ ጽፎ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ክፉዎች አይደሉም። ሰፊዋን አያውቋትም፤ አለማወቃቸውም ይመቻቸዋል።

እኔ ያወቅኋት ኮምቦልቻ፣ አክስቴ ግቢ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተዋል። ከሌሊት ፈረቃ የምትመለሰው ልጅ፣ የቀን ፈረቃ ገቢዋ በተነሣችበት ፍራሽ ላይ ትተኛለች።

«ጋሼ፣ እዚያ አንድ ሸሚዝ ስንት ይሸጣል?» አለችኝ።

ነገርኳት። ዝም ብላ አሰላች። «የግማሽ ወር ደመወዜ ነው» አለች።

እ.ኤ.አ. በ2019 በሐዋሳ ፓርክ ላይ የወጣ ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳይቶ ነበር። በዚያው ዓመት በጀርመን ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 9.19 ዩሮ ነበር። የሐዋሳዋ ልጅ የወር ድካም የእኛ ሦስት ሰዓት አይሞላም ማለት ነው! በእኛ ሀገር ደግሞ ያኔ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ የደመወዝ ወለል አልነበረም።

ከዚያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ፣ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ አስወጣች። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረ ልብስ ቀረጥ ተጫነበት። ዳያስፖራው ለሁለት ተከፍሎ ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ሰብአዊ መብት ተሟገተ፤ በሁለቱም ወገን ስለ ሰፊዎቹ እንጀራ የተናገረ ጥቂት ነው። መንግሥታችን «ርካሽ ጉልበት አለን» ብሎ ባለሀብት ሲጠራም ከእኛ መካከል ተቃውሞ ሰልፍ የወጣ አልነበረም። ዋሽንግተንን የምንጠይቀውን ያህል አዲስ አበባንም፣ የምንሠራባቸውን የአውሮፓ ኩባንያዎችም ስለዚህች ልጅ ደመወዝ መጠየቅ አለብን።