ምርመራ ያለፈ መኪና ያለፈውም ይጠየቃል

ሰሞኑን ያገለገለ መኪና ስለመግዛት ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ሰው «ምርመራ ያለፈ መኪና ያለፈ ታሪኩ አይጠየቅም» ሲል ሰማሁት። ሰው ተቀባበለው። ለእኔ ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ልከውልኛል፤ አንዱማ ከሳቅ ምልክት ጋር። አባባሉ አፍ ላይ እንደሚጥም አልክድም። አፍ ላይ የጣመ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ግን ደላላ ሁሉ ነቢይ በሆነ ነበር።

ማስረጃው ደግሞ ከአባባሉ ይብሳል። «ዛሬ ጤነኛ የሆነን ሰው በልጅነትህ ኩፍኝ ይዞህ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይፈይዳል?» ይላል። ኩፍኝ! ከበሽታ ሁሉ መርጦ አንዴ ይዞ የሚለቀውን አመጣ። የአሮጌ መኪና በሽታ እኮ ዝገት ነው፣ ያለቀ ቦኮላ ነው፣ ዘይት ማንጠባጠብ ነው። እነዚህ ይመላለሳሉ። ሐኪም ቤት ስንሄድስ ገና ሳንቀመጥ የምንጠየቀው «ከዚህ በፊት ያመመህ ነገር አለ?» ተብለን አይደል እንዴ? ሰውየው በራሱ ምሳሌ ተጠለፈ።

ለመሆኑ «አለፈ» ማለት ምንድን ነው? መኪናው በዚያች ዕለት፣ በዚያች ሰዓት፣ መርማሪው ምንም ሳይፈታ ሊያየው በሚችለው መጠን ዝቅተኛውን መስፈርት አሟላ ማለት ነው። በቃ። ብሪታንያ ውስጥ ኤምኦቲ የሚሉት ዓመታዊ ምርመራ ለምሳሌ የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ሁኔታ አይመለከትም። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ወዲህ ጉድለት አደገኛ፣ ከባድና ቀላል እየተባለ ይመዘገባል፤ «ቀላል» የተባለው ያለበት መኪና ያልፋል። ማለፍና ጉድለት አንድ ወረቀት ላይ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ ማለት ነው። ሻጭ ግን ወረቀቱን እንደ ዲግሪ ያውለበልበዋል። ከምርመራው በፊት በነበረው ማታ ጋራዥ ውስጥ ምን እንደተቀባና ምን እንደተጠፈረ አይነግራችሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የ13 ዓመት መኪና ገዛሁ። ምርመራ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር፤ እኔም እንደ ቪዲዮው ሰውዬ በዚያች ወረቀት ተኩራርቼ ፈረምኩ። በሁለተኛው ወር መኪናውን ላቆም ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ቀስ እያለ ወለል ነካ። ደግነቱ በዝግታ እየነዳሁ ነበር። መካኒኩ አንስቶ ከስር በባትሪ አሳየኝ። ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት የፍሬን ቱቦዎች ጎን ለጎን ናቸው። አንደኛው አዲስ፣ ያብረቀርቃል። ሌላኛው በጥቁር ቀለም ተለቅልቋል። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው እንደ ቅርፊት ተላጠ፣ ከስሩ ቡናማ ዱቄት ረገፈ።

የቆዩትን የምርመራ ወረቀቶች ያየኋቸው የዚያን ዕለት ማታ ነው። መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ ከመግዛቴ በፊትም እዚያው። በመጀመሪያው ዓመት «የኋላ ፍሬን ቱቦዎች፣ ቀላል ዝገት፣ ክትትል ይደረግ» ይላል። በቀጣዩ ዓመት ያው ማሳሰቢያ አለ፣ «ቀላል» የምትለዋ ቃል ግን የለችም። በሦስተኛው ዓመት በአንደኛው ቱቦ ወደቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አለፈ። ሦስት መስመር ናት። ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ትነበባለች።

እኔን የሚያበግነኝ ዝገቱ አይደለም፤ አሮጌ መኪና ይዝጋል። የሚያበግነኝ እነዚያ ሦስት መስመሮች ስለ መኪናው ብቻ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ይናገሩ እንደነበር አለማየቴ ነው። የምርመራ ታሪክ የሰው ጠባይ መዝገብ ነው። በየዓመቱ «ጎማ አልቋል» ተብሎ የሚወድቅ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎማ እኮ ውጭ ነው ያለው። ሰውየው በሩን በከፈተ ቁጥር ያየዋል። በዓይኑ ፊት የተመለጠውን ጎማ መርማሪ እስኪጥለው ድረስ የጠበቀ ሰው፣ ማንም የማያየውን የሞተር ዘይት በጊዜው ቀይሯል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። መብራት ተቃጥሎበት የወደቀ፣ የመስታወት መጥረጊያው ላስቲክ ተቀዶ የወደቀ፣ እነዚህ ጥቃቅን ናቸው ይባላል፤ ለእኔ ግን ከትልቁ ጉድለት ይበልጥ ይናገራሉ፣ ምክንያቱም በአምስት ደቂቃ የሚስተካከለውን ያላስተካከለ ሰው ሳምንት የሚፈጀውን አይነካውም። በተቃራኒው ዘንድሮ ማሳሰቢያ ተጽፎበት በቀጣዩ ዓመት ያ ማሳሰቢያ የጠፋለትን መኪና ካገኛችሁ፣ ጠግኖ የሚነዳ ሰው እጅ ነበር። ሁለቴ ወድቆ በደንብ የተሠራ መኪና ይሻለኛል። የ15 ዓመት መኪና አንድም ቀን አንድም ማሳሰቢያ ሳይጻፍበት በንጽሕና ሲያልፍ የኖረ ከሆነ ግን ያስፈራኛል። ወይ ባለቤቱ መልአክ ነው፣ ወይ መርማሪው ዓይኑን ጨፍኗል። መልአክ ደግሞ መኪና ምን ያደርግለታል?

የኪሎ ሜትሩ ነገር ብዙ ክርክር አይፈልግም። ዳሽቦርድ ላይ ያለው ቁጥር በመሣሪያ ይቀነሳል፤ በየምርመራው የተመዘገበውን ቁጥር ግን ሻጩ አይደርስበትም። አንዱ ዓመት ላይ 148,000፣ በቀጣዩ 97,000 ካያችሁ መኪናው ወደ ኋላ አልተነዳም። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የኪሎ ሜትር ታሪኩን የያዘ ሰነድ እንዲሰጥ ታስገድዳለች። የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪኖች በየዓመቱ ይመርመሩ፣ የኪሎ ሜትራቸውም ንባብ በመንግሥት መዝገብ ይግባ ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። ያለፈው የማይጠየቅ ከሆነ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሥራ ፈት ናቸው? እርግጥ ነው፣ መርማሪ ቁጥር ተሳስቶ ይጽፋል፣ ማይል በኪሎ ሜትር ቦታ ይገባል፣ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ያስደነግጣል። ይሄን እቀበላለሁ። የተሳሳተ ቁጥር ግን በማግሥቱ ዓመት ወደ መስመሩ ይመለሳል፣ የተቀነሰ ቁጥር አይመለስም።

በመሃል ሁለት ዓመት ምንም ምርመራ ከሌለስ? ጠይቁ። ቆሞ ነበር? ተጋጭቶ ነበር? ቆሞ የከረመ መኪና ፍሬኑ ይነክሳል፣ ጎማው ይሰነጣጠቃል። «ውጭ አገር ነበርኩ» ጥሩ መልስ ነው፣ ከተረጋገጠ።

አንዳንዱ ደግሞ «እኔ መካኒክ ይዤ ስለምሄድ ወረቀት አያስፈልገኝም» ይላል። መካኒኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ማን ከለከለ። ግን መካኒኩም የሚያየው የዛሬን ነው፣ ባትሪውም አንድ ነው፣ የሚሰጠው ጊዜም ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የቆዩትን ማሳሰቢያዎች አስቀድማችሁ ብታነቡለት ባትሪውን የት እንደሚያበራ ያውቃል። ታሪኩ በኢንተርኔት በሚገኝበት አገር፣ ለምሳሌ ብሪታንያ፣ ታርጋ ብቻ አስገብቶ እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ ወደ ኋላ በነጻ ማየት ይቻላል። በማይገኝበት ደግሞ የድሮ ወረቀቶቹን ከሻጩ መጠየቅ ነው። የለኝም ካለ ያም መልስ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለወንድሜ መኪና ስንፈልግ አንዱ ጋ ደወልኩና ታርጋውን እንዲልክልኝ ጠየቅኩት።

«ለምን ፈለግከው?»

«የምርመራ ታሪኩን ላየው።»

«ወንድሜ፣ ባለፈው ወር ነው እኮ ያለፈው። አታምነኝም እንዴ?»

«አንተን መች አወቅኩህ፤ እኔ የጠየቅኩህ ስለ መኪናው ነው።»

ዘጋው። ማስታወቂያው እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልወረደም። ፎቶው ላይ መኪናው ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ታርጋው በጨርቅ ተሸፍኗል።