ኪንታሮት ከጋለ ድንጋይ አይመጣም
እህቴ፣ ለገጣፎ ታክሲ ስትጠብቂ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ በመቀመጥሽ ኪንታሮት እንደያዘሽ ጽፈሻል። እኔንም እናቴ ከእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ እያስነሳች ነው ያሳደገችኝ። ግን ድንጋዩ ጥፋት የለበትም። ኪንታሮት ፊንጢጣ አካባቢ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ድርቀትና ማማጥ ነው። ሽንት ቤት ስልክ ይዞ መቆየትም ያባብሰዋል። እንዲያውም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ሕመሙን ያስታግሳል። ለድርቀቱ ጎመን፣ ምስርና ተልባ አዘውትሪ። ተልባ በቂ ውሃ ካልተጠጣበት ግን ድርቀቱን ያባብሰዋል። የሚያቃጥል ቅጠል የሚቀቡ ሰዎች ጋ እባክሽ አትሂጂ፤ ቅጠሉ የሚያመጣው ቁስል ሲሽር የፊንጢጣን ቀዳዳ ሊያጠብ ይችላል። ደም ካየሽ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪ። የአንጀት ካንሰርም ሊያደማ ይችላል።