ጾማችንና የቤት ሠራተኞቻችን

ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት ደጅ ይሞላል። ከቅዳሴ የሚወጣው ምእመን ዝርዝር ብር አዘጋጅቶ ለየኔ ቢጤዎች እያደለ ያልፋል። የካቲት 16 ሲሆን ደግሞ ዓመታዊ በዓሏ ነውና የበላዔ ሰብእ ታሪክ በየአውደ ምሕረቱ ይተረካል። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ ጥርኝ ውኃ በማጠጣቱ ምሕረት አገኘ። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ታሪክ ነው፤ ደጀ ሰላም ለተቀመጠው ምስኪን የመዘርጋት ልማዳችንም ከዚሁ ትምህርት የተቀዳ ነውና አላቃልለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ ተመልሰን ቤት ስንገባ የምናደርገው ነው።

ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ደላላ ያገናኛት፣ ተያዥ ጠርታ የገባች ናት። እኛ ሳንነሣ ተነሥታ የጾሙን ወጥ ሠርታለች፣ ቡናውን ቆልታለች። እሷም እንደኛ ክርስትና ተነሥታለች፣ እንደኛ ትጾማለች፤ ግን ቤቱ ጠባቂ ይፈልጋልና ቅዳሴ ካስቀደሰች ቆይታለች። ሲኒ ከእጇ ካመለጠ ዋጋው ከደመወዟ ይቆረጣል። እናቷ ታመው አገር ቤት ልሂድ ስትል «ሰው ሳላገኝ አትሄጂም» ትባላለች፤ የወሩ ደመወዝም መያዣ ይሆናል። የምትወጣ ዕለት ደግሞ ፌስታሏ ሳሎን መሐል ይዘረገፋል። ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ የፀጉር ቅባት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ብር። ግድግዳ ተደግፋ ዕቃዋ ሲበረበር ታያለች። ይህን የሚያደርጉት በክፋታቸው የታወቁ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለን። የሚያደርጉት ግን የሚጾሙ፣ የሚያስቀድሱ፣ የጽዋ ማኅበር የሚያወጡ ሰዎች ጭምር ናቸው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ሕዝቡ «ስንጾም ለምን አላየህም?» ብሎ እግዚአብሔርን ይጠይቃል። የተሰጠው መልስ በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ትፈጽማላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። ጠቡና ግፉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሠራተኛው ግን እዚያው መግቢያው ላይ ተነሥቷል። ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 24 የድሀውን ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው ይላል። የሁዳዴን 55 ቀን ከጥሉላት ርቀን፣ ሰኞ መከፈል የነበረበትን ደመወዝ እስከ ሌላው ሳምንት ብናሳድር በየትኛው መጽሐፍ እንደሚያጸድቀን አላውቅም።

በሕግም በኩል ልጅቷ የምትጠጋበት ብዙ የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። የፋብሪካ ሠራተኛ የሥራ ሰዓቱንና የዓመት ፈቃዱን አዋጁን ጠቅሶ ይጠይቃል፤ እሷ ግን እትዬ ዛሬ እንዴት አድረዋል ብላ ፊታቸውን አይታ ነው የምትጠይቀው። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን መኖሪያ ፈቃዳቸውን ከአሠሪ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ሲንገላቱ እናለቅሳለን፤ ማልቀሳችንም ትክክል ነው። ለእነሱ የለመንነውን ርኅራኄ ጓዳችን ውስጥ ላለችው ልጅ መስጠት ግን የማንንም መንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም።

«ፊት ከሰጠሻቸው ይንቁሻል» የሚሉ አሉ። የተዘረፉ፣ ልጃቸውን አምነው ሰጥተው የተጎዱም አሉ፤ ሕመማቸውን አልክድም። ወንጀል ሲፈጸም ፖሊስ አለ፣ ሕግ አለ፤ ምሕረት ማለት ስርቆትን ዓይን ጨፍኖ ማለፍ አይደለም። የተሰበረ ሲኒ ግን ስርቆት አይደለም፣ ያረረ ወጥም ስርቆት አይደለም፣ የእናት መታመምም እንደዚያው። ደግሞስ ጥፋት ቢኖር? ቅዱስ ጳውሎስ ከጌታው ከፊልሞና የኮበለለውን አናሲሞስን መልሶ ሲልከው ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ ጽፏል። እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ነው ያለው። አንዲት አጭር መልእክት ሙሉ በአንድ የቤት አገልጋይ ጉዳይ ተጽፋ ከቅዱሳት መጻሕፍት መካከል መቆጠሯ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ባሎችም ነገሩ የሴቶች ነው ብለው መሸሽ አይችሉም፤ ደመወዙ ከጋራ ኪስ ነው የሚወጣው፣ ስድቡም በእነሱ ፊት ነው የሚሰደበው።

ከሁሉ በላይ ግን የንስሐ አባቶቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። የንስሐ ልጆቻችሁን ጾማችሁ ወይ፣ ሰገዳችሁ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ይህንንም ጨምሩበት፦ የልጅቷን ደመወዝ በቀኑ ሰጣችኋት ወይ? እናንተ ቤት ጠብቃችሁ እሷን ቅዳሴ የላካችኋት መቼ ነው?