የመምህሩን ቢሮ የሚያንኳኳ ተማሪ

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና የአገራችን ግቢዎች ሲነጻጸሩ ወሬው ቶሎ ወደ ላብራቶሪ፣ ወደ ኢንተርኔትና ወደ ሕንፃ ይሄዳል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ተማሪው ግን አይለውጠውም። በተማሪው እጅ ያለው ትልቁ ልዩነት የመምህሩን ቢሮ ማንኳኳት ነው።

እዚህ አሜሪካ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን በሚሰጠው ሲለበስ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) ላይ የ«ኦፊስ አወርስ» ቀንና ሰዓት ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ሰዓት ተማሪ ያለ ቀጠሮ ገብቶ ጠይቆ ይወጣል። አገር ቤትም በኮርስ አውትላይኑ ላይ የማማከሪያ ሰዓት ይቀመጣል። ብዙው ተማሪ ግን ቢሮውን የሚያውቀው ግሬድ ከወጣ በኋላ፣ ለቅሬታ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ወሬው ስለ ነጥብ እንጂ ስለ ትምህርቱ አይሆንም። እዚህ ያሉ የእኛ ልጆችም «መምህሩን ላስቸግረው?» እያሉ ሰዓቱን ሲያሳልፉት ማየት ያሳዝናል፤ ሰዓቱ እኮ የተመደበው ለእነሱ ነው።

አገባቡም ዘዴ አለው። «ምዕራፍ ሦስት አልገባኝም» ለሚል ተማሪ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ሌክቸሩን አሳጥሮ ይደግምለታል፤ ተማሪውም ራሱን ነቅንቆ እንደገባ ይወጣል። የሚጠቅመው ጥያቄውን እስከቻሉት ድረስ ሠርቶ የቆሙበትን መስመር አስምሮ መሄድ ነው። የኢንተግራል ጥያቄ ነው እንበል፦ «ሰብስቲትዩሽን ተጠቅሜ እዚህ ደረስኩ፤ መልሱ ግን አልመጣልኝም።» መምህሩ ወረቀቱን አንዴ አይቶ ተለዋዋጩ ሲቀየር ሊሚቶቹ እንዳልተቀየሩ ያሳየዋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መሄጃውም ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ዋዜማ ወረፋ ነው።

ጥቅሙ ከፈተናው ያልፋል። ውጭ አገር ለማስተርስ የሚያመለክት ተማሪ ብዙ ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። «ኮርሴን ወስዶ ኤ አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ ትራንስክሪፕቱ የተናገረውን ከመድገም አያልፍም። ተማሪው ሲሳሳትና ሲያርም ያየ መምህር ግን የሚጽፈው አያጣም። ስለዚህ ትውውቁ ጂሲ (ተመራቂ) ሲሆኑ ሳይሆን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ነው መሠራት ያለበት።

አገር ቤት ያለው ሌላው ችግር ያለፈ ዓመት ፈተና ብቻ ሰብስቦ ማጥናት ነው። ይህ የአንድን መምህር የጥያቄ ልማድ ያስተምራል፤ ግሬድም ያስገኛል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ተመራቂዎች የሚወስዱት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ግን ያንን መምህር አያውቀውም፤ በየዓመቱ ከተወሰዱት ዋና ዋና ኮርሶች ይጠይቃል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የተሸመደደ ነገር መጨረሻ ላይ አይገኝም። ፋይናል ባለቀ ሳምንት የየኮርሱን ፍሬ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ገጽ በራስ ቃል ጽፎ ማስቀመጥ፣ ሃንድአውቱንም ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ጉግል ድራይቭ ላይ መጫን ያኔ ብዙ ድካም ያድናል።

የጊዜ ስሌቱም ቢታወቅ ጥሩ ነው። በአሜሪካው አሠራር አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ በግል ጥናት ተብሎ ይታሰባል። 15 ክሬዲት የወሰደ ሰው በሳምንት 45 ሰዓት ሥራ ይዟል ማለት ነው። ከአገር ቤት መጥቶ በግቢ ውስጥ በሳምንት የተፈቀደለትን 20 ሰዓት ጨምሮ የሚሠራ ተማሪ 65 ሰዓት ይሞላበታል፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይህ ሊጥል ይችላል። ሥራውን በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ በመሥራት መጀመር ይሻላል።

አገር ቤት የቀረ ሀብትም አለ፤ የዶርም የቡድን ጥናት። የገባው ልጅ ባዶ ክፍል ፈልጎ ሰሌዳ ላይ ለጓደኞቹ ያስረዳል፤ ሲያስረዳም እሱ ራሱ ይበልጥ ይገባዋል። እዚህ ብዙው ተማሪ ከግቢ ውጭ ስለሚኖር ካልተደራጀ ቡድን አይኖርም። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገብ ከተቀመጡት ሁለቱን ጠይቆ ቋሚ ቀን መያዝ ያስፈልጋል። ነገር ግን ወሰኑ ይለያል። አሳይመንት ተቀባብሎ መጻፍ አገር ቤት እንደ መረዳዳት ሊታይ ይችላል፤ እዚህ ግን ኮርሱን ኤፍ ሊያስደርግ፣ ሲደጋገምም ሊያስባርር ይችላል፤ የሰጠውም ከወሰደው እኩል ሊጠየቅ ይችላል። አብሮ መወያየት ይፈቀድ እንደሆነ ሲለበሱ ላይ ካልተጻፈ መምህሩን በኢሜይል ጠይቆ መልሱን ማስቀመጥ፣ መልሱን ሲጽፉ ደግሞ የጓደኛን ወረቀት ዘግቶ ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል።