ታፔላ ሠሪው ይባረክ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደብዳቤ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ደብዳቤዋ የተጻፈችው እዚያው ቤት ነው፣ ከስምንት ወር በፊት። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ አገላብጦ አያትና «ጋሼ፣ ይሄ መሥሪያ ቤት እኮ የለም» አለኝ። የለም? ታዲያ እኔና እሱ የት ቆመን ነው የምናወራው? «ስሙ ተቀይሯል። ማህተሙ የድሮው ነው።» ማህተሙን የመታልኝ ሰውዬ ከልጁ ጀርባ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። ቀና ብሎም አላየኝ።

እናንተም ደርሶባችኋል፣ ስለዚህ አላብራራም። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። ችግር ሲመጣ ከችግሩ ጋር ግብግብ ከመግጠም ታፔላውን አውርደው ሌላ የሚሰቅሉ ሰዎች፣ በየትኛውም አገር ያሉት፣ ዕድሜ ይስጣቸው። በተለይ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ላይ የሚያሳዩት ትጋት! ፖሊሱ፣ መታወቂያው፣ ምርጫው፣ ስደተኛው፣ በብዙ አገር የሚታጨቀው እዚያ ነው። ነገር የበዛበት ቤት ስምም ይበዛበታል።

እኛ ዘንድ በንጉሡ ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ብዙ ቆይቶ የፌዴራል ጉዳዮች መጣ። ከዚያ አርብቶ አደር ልማት ተጨመረበትና ታፔላው ረዘመ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የሰላም ሚኒስቴር አለን። (በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም። ሰላም ነኝ።)

ጀርመኖች ግን በለጡን። በፈረንጅ 2018 የአገር ውስጥ ሚኒስቴራቸው ስም ላይ ግንባታን ጨመሩ፣ «ሃይማት» የሚል ቃልም አከሉ። ሃይማት ማለት የትውልድ ቀዬ ነው። ያደግክበት መንደር፣ የጎረቤት ዳቦ ሽታ፣ ትዝታ። እንግዲህ አንድ ሚኒስትር ፖሊስ ያዛል፣ ቤት ያስገነባል፣ ናፍቆት ያስተዳድራል። የናፍቆት ዳይሬክቶሬት ታየኝ። ወረፋው ታየኝ። «የናፈቀዎት ምንድን ነው? ወንዙ ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ ይውጡ፣ አያትዎ ከሆኑ ሁለት ፎቶግራፍ ይዘው ይምጡ።» በ2021 ግንባታ የራሱን ሚኒስቴር አግኝቶ ወጣ። ሃይማት ግን ቀረ፣ ብቻውን ከፖሊስ ጋር። በ2025 ደግሞ ወዴት ተዛወረ? ግብርና ሚኒስቴር! እውነቴን ነው፣ አሁን ያለው ከምግብና ከእርሻ ጋር ነው። ርክክቡን ባየሁ። የአገር ውስጡ ንብረት ክፍል ናፍቆቱን በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፣ የግብርናው በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል። «አንድ ትዝታ፣ ያገለገለ፣ ጠርዙ የተፈገፈገ።» ከዚያ ከላሞቹ ጎን መደርደሪያ ይፈለግለታል።

አሜሪካኖቹ ናቸው ሰነፎች። የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤታቸውን በ1849 አቋቁመው እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠሩታል። ያውም ሥራው ጎሽና ብሔራዊ ፓርክ መጠበቅ ነው፣ መታወቂያ ፍለጋ እንዳትሄዱ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ታፔላ! ኮሚቴ የላቸውም እንዴ?

ወደ ወረፋዬ ልመለስ። ከኋላዬ ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ፣ የሟች ባላቸውን ጡረታ የሚያስጨርሱ። ሁለት ሌሊት ሰው ቤት አድረዋል። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። እሳቸውንም «ማህተሙ የድሮው ነው» አሏቸው። እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። ማህተሙን እሳቸው አልቀረጹት! ስም ስትቀይሩ «የቀድሞው ማህተም ይሠራል» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያቅታል? ለታፔላ ምረቃ ድንኳንና ኬክ የሚገዛ ብር አይጠፋም። ለእሳቸው የመመለሻ ትራንስፖርት ማን ይክፈል?

ይቅርታ፣ ማመስገን ላይ ነበርኩ።

ልጁን በአዲሱ ስም ምታልኝ አልኩት። አዲሱ ማህተም ገና አልተቀረጸም አለኝ። ስሙ መሃል «እና» ትግባ አትግባ እየተባለ ነው። ሐሙስ ተመለስ ተብያለሁ።